የካሊስታ ተረኛ

ካሊስታ በምትባለው መርከብ ላይ በቆየሁባቸው ሦስት ዓመት ከሰባት ወራት ተራዬን የማስረክበው ለራሴ ነበር።

በየአራት ሰዓቱ መዝገቡ ላይ «አስረካቢ» ከሚለው ፊት ስሜን እጽፋለሁ፤ «ተረካቢ» ከሚለው ፊትም ስሜን እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ደንቡን መፈጸም አለብኝ። ተረካቢ ከሰዓቱ ሩብ ቀድሞ ይወርዳል። ከላይኛው ወለል ጀምሮ እስከ መርከቡ ሆድ ድረስ ይዞራል፤ የዘይት ግፊቱን ያነባል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት ያያል፣ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች በእጁ ጀርባ ይነካል፣ ከወለሉ ስር የተጠራቀመውን ውሃ በዘንግ ይለካል። ከዚያ አስረካቢው ዘንድ መጥቶ «ምን አለ?» ይላል፤ አስረካቢውም ያለውን ይነግረዋል። እኔም ዞሬ እመጣና ባዶው ወንበር ፊት ቆሜ «ምን አለ?» እላለሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እቀመጥና «ሰላም ነው፤ ሁለት ቁጥር ፓምፕ ትንሽ ያንጠባጥባል» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረና ደንቡ ብቻ ተረፈ።

በየሃያ ሰባት ደቂቃው የሚጮህ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ እጫናለሁ። «አለሁ» ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ላለበት መርከብ በቀን ስድስት ሰዓት እንቅልፍ ይፈቀዳል፤ በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ደረት ላይ የምትለጠፍ ነገር ትንፋሽ እየቆጠረች ለወደቡ ትናገራለች።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አልባ መርከቦች ባሕሩን ከያዙት በኋላ በሰው የሚነዱትን አሮጌ መርከቦች የሚፈልግ ጠፋ። ባለቤቶቻቸውም ጠፉ። ስልካቸው አይነሳም፤ ቢሯቸው የሌላ ሰው ቢሮ ሆኗል። መርከቦቹ ግን የትም አይጠፉም። ወደቡ ከዳርቻው ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ መልሕቅ አስጥሎ ሦስት ሦስቱን ጎን ለጎን አሰራቸው። በ2068 መቶ አርባ ሁለት ነበሩ። እኛ ቦታውን «ሰፈር» ነበር የምንለው። ሕጉ አጭር ነው፤ የሚንሳፈፍ መርከብ ሁሉ አንድ በሕይወት ያለ የሞተር ክፍል ተረኛ መኮንን ይኖረዋል። ስሙ በመጨረሻ የተመዘገበው ተረኛ፣ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው በድምፁ «ተረክቤያለሁ» እስኪል ድረስ ከመርከቡ አይወርድም።

ካሊስታ ላይ አሥራ አራት ነበርን። የወደቡ ጀልባ የመጣ ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ተራ የእኔ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሊረከበኝ የሚገባው ሰው አራት ሰዓት ላይ ከሌሎቹ ጋር ወርዶ ሄደ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለረጅም ጊዜ ረግሜዋለሁ፤ አሁን ለመርገም የሚያበቃ አፍ የለኝም።

ሰፈሩ ውስጥ ሃያ ሦስት ኢትዮጵያውያን ነበርን። ሃያ ሦስት ኢትዮጵያዊ በተሰበሰበበት ምን እንደሚፈጠር የታወቀ ነው፤ እድር አቋቋምን። ድንኳን የለን፣ አግዳሚ ወንበር የለን፣ የሚቀበርበት መሬት የለን። ሬዲዮ ብቻ ነበረን። መዋጮው ሰዓት ነው። አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ጎረቤቱ በሳንቃ ተሻግሮ ተራውን ይይዝለታል፤ ሐዘንተኛው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ለእናትና ለአባት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለወንድምና ለእህት ስድስት፣ ለአጎት ሦስት። ሌሎቻችን ሬዲዮ ከፍተን ዝም እንላለን። የእድሩ ዳኛ እትዬ አመለወርቅ ነበረች፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ሲሆን በስተቀኝ የታሰረው መርከብ ተረኛ ናት። እሷ ስትቆጣ መቶ አርባ ሁለቱም መርከብ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

በስተግራ የታሰረው የሙህዲን ነበር። ሙህዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ስለ ሞተር ሲያወራ ስለ ዘመዱ የሚያወራ የሚመስል ሰው። ሦስት ዓመት ተኩል በአንድ ሳንቃ ስንገናኝ ኖርን። እሱ ሽንኩርት ሲያልቅበት እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የፓምፕ ጓርኒሲዮን ሲበጠስብኝ እኔ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ሃያ ሰባት ደቂቃ ጨዋታ፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ቁልፋችን። እንደዚያ የተቆራረጠ ወዳጅነት እንዴት እንደሚጠብቅ ለሌላ ሰው ማስረዳት አልችልም።

በአራተኛው ዓመት ለሙህዲን ዕድል ወጣለት። መርከቡን ለብረት የሚፈልግ ሰው ተገኘና ሰኞ ዕለት ጎትተው ወሰዱት። መርከብ የለም፣ ተረኛ የለም፤ ስሙ ከመዝገብ ተፋቀ። ሰው የሚያወርደው ጀልባ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ስለሆነ እስከዚያ ካሊስታ ላይ እንግዳዬ ሆነ። ሻንጣውን ሸክፎ ጨርሷል። በቀን አሥር ጊዜ ይከፍተዋል፣ ያየዋል፣ ይዘጋዋል።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ሸሚዜን። ኮምቦልቻ የሚለበስ ሸሚዝ ነው። እዚህ አልለበስኩትም፣ ወላሂ፤ አንድ ቀን።»

ሐሙስ ጠዋት ገና ፀሐይ ስትወጣ እትዬ አመለወርቅ ሳንቃውን ተሻግራ መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር። ሙህዲን ከኋላዋ ቆሟል፤ ቀድሞ ያወቀ ሰው ፊት ነበረው።

«አንዳርጌ፣ ቁጭ በል» አለችኝ።

«ተራ ላይ ነኝ እኮ እትዬ።»

«ሙህዲን ይይዝልሃል። ቁጭ በል አልኩህ።»

ቁጭ አልኩ። «እናቴ ናት?» አልኩ።

«እናትህ ናት» አለችና ሰዓቷን አየች። የመጣችው ቁልፏን ተጭና ነው፤ ሃያ ሰባት ደቂቃ ነበራት። መርዶውን ነግራኝ፣ አልቅሳልኝ፣ ውሃ አጠጥታኝ፣ ፊቴን አስታጥባኝ፣ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ልጫንና ልምጣ» ብላ ሮጠች። ተመልሳ መጣች። እንደገና ሮጠች። የእናቴን ለቅሶ ሳስብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የሚቀርብኝ በብረት ወለል ላይ የሚሮጥ የሴት ጫማ ነው።

ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ሙህዲን አጠገቤ ተቀመጠ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዛሬ ነው። አልደርስም።»

«ለሰልስቱስ?»

«ጀልባዋ ብትወስደኝ ለሰልስቱ እደርስ ነበር።»

«እንግዲያ ሂድ» አለኝ።

ምን እንዳለኝ ወዲያው አልገባኝም። ሻንጣው ከበሩ ጎን ቆሟል።

«አብደሃል? የአንተ ጀልባ ናት እኮ!»

«ጀልባ የማንም አይደለችም። በአሥራ አምስት ቀን ትመለሳለች፤ አንተም ትመለሳለህ። አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው አሥራ አምስት ቀን ምን ያደርገዋል? የእናትህን ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀርተህ እኔ ኮምቦልቻ ገብቼ ምን ልበላ ነው?»

ሦስት ጊዜ አይሆንም አልኩት። ሦስት ጊዜ እንቢ ማለት ደንብ ነው፤ ለምሳ ሲጋበዙም እንዲሁ ነው። በአራተኛው ሸሚዜን ቀየርኩ።

እትዬ አመለወርቅ ሬዲዮውን ከፈተች። «እድርተኛ ሆይ» አለች፤ «ሙህዲን ለአንዳርጌ ተራ ይይዛል። የአሥራ አምስት ቀን ነው። እንዲህ ያለ መዋጮ ከዚህ በፊት አላየንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቃልህን ስጠው።»

«በሚቀጥለው ጀልባ እመለሳለሁ» አልኩ።

«እድሩ ሰምቷል» አለች። ሃያ ሰዎች በየመርከባቸው ሆነው ሬዲዮውን ጠቅ ጠቅ አደረጉ፤ የማጨብጨባችን ድምፅ እሱ ነበር።

ሙህዲን ሩብ ሰዓት ዞረ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ፊቴ ቆመ። «ምን አለ?» አለኝ። በሦስት ዓመት ከሰባት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ሁለት ቁጥር ፓምፕ ነገርኩት። የወደቡ ድምፅ ከግድግዳው «ተረካቢ፣ ስምዎን ይናገሩ» አለ። ሙህዲን ስሙን ተናገረ። «ተረክቤያለሁ» አለ፤ ቀለል አድርጎ፣ የሚጨበጥ እጅ እንደሚሰጥ ሰው።

ወረታ ለሰልስቱ ደረስኩ። አልቅሼ ወጣልኝ። በሁለተኛው ሐሙስ ጀልባዋ ላይ መሆን ነበረብኝ፤ አክስቴ ግን «እስከ አርባዋ» አለችኝ። «የእናትህን አርባ ጥለህ ትሄዳለህ? የማን ልጅ ነኝ ልትል ነው?» ለሙህዲን በወደቡ መስመር ደወልኩ፤ እሁድ እሁድ ሦስት ደቂቃ ይፈቅዳሉ።

«እስከ አርባዋማ ትቆያለህ፣ ምን ጥያቄ አለው?» አለኝ።

ከአርባዋ በኋላ ሰማንያዋ ነበር። ከሰማንያዋ በኋላ ቤቱን የሚይዝ ወንድም የለኝምና የአጥሩ ጉዳይ መጣ። ከዚያ ሙት ዓመቷ ደረሰ፤ የሙት ዓመቷን ዝክር ሳያወጣ የሚሄድ ልጅ የለም። ከሙት ዓመቷ በኋላ ምክንያት አለቀብኝ። ያኔ ነው ነገሩን ግልጥ አድርጌ ያየሁት፤ መመለስ አልፈልግም። ያቺን ሳንቃ፣ ያንን ወንበር፣ ያንን አረንጓዴ ቁልፍ ዳግም ማየት አልፈልግም። አንድ ሐሙስ አለፈ። ሌላ ሐሙስ አለፈ። አንድን ሰው ለመበደል የሚያስፈልገው ነገር ምንም አለማድረግ ብቻ ሲሆን በጣም ቀላል ነው።

ሙህዲን መጀመሪያ ይጠይቀኝ ነበር። «ከሮመዳን በፊት ነው ወይስ ከሮመዳን በኋላ?» አለኝ አንዴ።

«በኋላ» አልኩት።

ሁለት ሮመዳን አለፈ። ከዚያ መጠየቁን ተወ። ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል፣ ስለ ሩዙ ይጠይቀኛል። ወረታ የሩዝ አገር ነው፤ እኔም አንድ የሩዝ መፈልፈያ ውስጥ የጄኔሬተር ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሞተሩና ከመፈልፈያው ጋር መዋል ነው ሥራው። አትጠገብን አገባሁ። ልጅ ስትወለድልን ለሙህዲን ነገርኩት።

«ማሻአላህ!» አለ። «ስሟን ማን አላችኋት?»

«ትርንጎ።»

«ትርንጎ» አለ ቀስ ብሎ። ሦስት ደቂቃው አለቀ። ከዚያ ቀን በኋላ እሁድ ስልኩ ሲጮህ ሳላነሳው ትርንጎን አቅፌ ወደ ደጅ እወጣ ጀመር። አትጠገብ «ማን ነው የሚደውለው?» ስትለኝ «የድሮ ሥራ» አልኳት፤ ውሸት አልነበረም።

ስድስተኛው ዓመት ላይ፣ መፈልፈያው በር ላይ አንዲት አሮጊት ቆማ አየኋት። እትዬ አመለወርቅ ነበረች። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ቤት አስገባኋት፤ አትጠገብ ውሃ ሰጠቻት። ሙሉውን ጠጣችና ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እንዴት ወጡ እትዬ?» አልኩ።

«መርከቤ ሰጠመች። ለይተውኝ ብቻዬን አስረውኝ ነበር፤ ቀስ እያለች ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። የማይንሳፈፍ መርከብ ተረኛ አይፈልግም።» ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ሙህዲንም ካሊስታን ትስጠም ብሎ ቢተዋት ይወጣ ነበር። ግን ከሁለት መርከቦች ጋር ታስሯል፤ ሁለት ሰው አለባቸው። ይዛቸው ትሄዳለች። እሱ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«አባቱ ሞቱ። ሁለት ወር ሆናቸው። መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ለቅሶ ይሂድ ብለን ሰው ፈለግን። በሬዲዮ አንድ በአንድ ጠየቅን። ዘጠኝ ነበር የቀረነው። ማንም ከመርከቡ መውረድ አይችልም። ያንተን ስም ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። እዚያ ሆኖ ስምህን ማንሳት እሱን ማሳዘን ነው ብዬ። አሁን ግን ይኸው ቤትህ ድረስ መጥቼ አነሳሁት።»

ሌላ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ለአትጠገብ ሁሉንም ነገርኳት።

«ትመለሳለህ?» አለችኝ።

«የሚረከበኝ ከተገኘ።»

«ይገኛል?»

ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች። የሞተር መኮንንነት ፈቃዴ ሊያበቃ አራት ወር ቀርቶት ነበር። ትርንጎ ተኝታ ሳለ፣ በቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ወጣሁ።

ሰፈሩ ውስጥ ስልሳ አንድ መርከቦች ቀርተዋል። ካሊስታ ወደ ግራ አዘንብላለች። ሙህዲን ከላይ ሆኖ መሰላሉን ያዘልኝ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ አጥንቱ ወጋኝ።

«ወፍረሃል» አለኝ።

«ሩዝ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እኔ የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ነው። «ሙሄ፣ እኔ...» ስል እጁን ደረቴ ላይ አደረገና «ጀልባዋ አንድ ሰዓት ነው የምትጠብቀው» አለ። «ና ዙር።»

ወረድን። የማውቀው የሞተር ክፍል አልነበረም። የመርከቡ ቆዳ በተበላበት ሁሉ ሙህዲን በሲሚንቶ ደፍኖታል፤ ሠላሳ አንድ ቦታ፣ እያንዳንዱ ላይ ቀኑ በኖራ ተጽፏል። ከሦስቱ ጄኔሬተሮች የቀረው አንድ ነው። ግፊትና ሙቀት የሚያሳዩት ጌጆች ሁሉ ሞተዋል። ከወለሉ በታች ውሃ ይናጣል፤ ሁለት ፓምፖች በተራ ይጎትቱታል። አንዱ ሲግል ማቆም፣ ሌላውን ማስነሳት፣ ፍልትሮውን ማጽዳት፤ ሰው የሚተኛው በየአርባ ደቂቃው መሃል ነው።

«መቼ እንደሚቆም በምን ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኩሽኔታው ይነግርሃል። ግሎ ሊጣበቅ ሲል ድምፁ ይቀጥናል። በዚያን ጊዜ ሁለት ደቂቃ አለህ። ካለፈችህ ፓምፑ ነክሶ ይቆማል፤ አንዱ ብቻውን ውሃውን አይችለውም።» ከኪሱ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። «ና፣ ስማው።»

ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩ። በመፈልፈያው ጩኸት ውስጥ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ጆሮዬ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን ነው የማየው። ቤት ውስጥ አትጠገብ ብቻ ታውቃለች። ካቻቢቴው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የሚባል ግን አልመጣልኝም።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። «ሰላም ነው የሚሄደው።»

«እስቲ በሌላው ጆሮህ» አለኝ።

ገልብጬ ያዝኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በጥሞና የማዳምጥ እንዲመስል። «ሰላም ነው» አልኩ ደግሜ። «ትንሽ ወፍራም ድምፅ አለው እንጂ ደህና ነው።»

ዓይኔን ስገልጥ ሙህዲን እያየኝ ነበር። ጣቱን ወደ ፓምፑ ዘንግ ጠቆመ። ዘንጉ አይዞርም። ቺንጋው ቆሟል። ካቻቢቴውን ሲሰጠኝ ፓምፑን አጥፍቶት ነበር፤ እጄ ላይ የመጣው የሌላኛው ፓምፕ ንዝረት ነው።

«የቆመ ፓምፕ ነው እኮ አንዳርጌ» አለኝ።

እጄን ይዞ ቀስ ብሎ ካቻቢቴውን ወሰደብኝ፤ ፓምፑን አስነሳ፤ በጆሮው አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩ እንዲታየኝ አድርጎ ተናገረ።

«አላስረክብህም።»

«እለምደዋለሁ» አልኩ። «በዓይን እይዘዋለሁ፣ በእጅ እይዘዋለሁ። ሙቀቱን በእጄ...»

«እጅ ሲያውቀው አልፏል። እኔም በእጅ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስት ቁጥር ፓምፕ የሞተው እንደዚያ ነው።»

«እስከሚቀጥለው ጀልባ አብረን እንቆይ። አስተምረኝ።»

«ሥራ ይማሩታል። ጆሮ አይማሩትም።» በእጁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አሳየኝ። «እዚህ ጎን ዮናታን አለ፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚያ ጎን አንድ የሱማሌ ሽማግሌ አለ። ካሊስታ ስትሄድ ይዛቸው ነው የምትሄደው። መቻልህን ሳላምን ተራ ባስረክብህ እኔ ምን ዓይነት ተረኛ ነኝ? ደንቡን ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። አስረካቢ፣ ተረካቢው የማይችል መስሎ ከታየው ተራውን አይለቅም። ዋና መሐንዲሱን ይጠራል ይላል ቀጥሎ። ዋና መሐንዲስ ከሄደ አሥር ዓመት ሆኖታል።

«ለእኔ ብለህ አታድርገው» አልኩት። «እባክህ። ፊቴን የማሳይበት የለኝም። እዚህ ልሙት፣ አንተ ውረድ።»

ያኔ ተቆጣ። በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «መሞት ነው የመጣኸው? እኔ ለመሞት መቼ አጣሁ?» ብሎ ጮኸ፤ ይህን ያለ ችግር ሰማሁት። «ስድስት ዓመት ለመንኩ። ስድስት ዓመት! አላህ የላከልኝ ደንቆሮ ነው።» አለና ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቁልፉ ጮኸ፤ እጁን ዘርግቶ ሳያየው ተጫነው።

ከቆይታ በኋላ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ኮምቦልቻ ውረድልኝ» አለ። «ድንኳኑ ፈርሷል፤ ቢሆንም ሂድ። እናቴ አለች። እጇን ያዝልኝና አጠገቧ ተቀመጥ። ከሙህዲን ነው በላት። መርከቡ ጥሩ ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል በላት።»

«ለምን አልመጣም ብትለኝስ?»

አሰበ። «የሚረከበው ሰው አጣ በላት» አለኝ።

በነገሩ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረበትም። እንደዚያ ስለነበር ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ።

የወደቡ ድምፅ «ካሊስታ፤ የተራ ለውጥ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሙህዲን እያየኝ «የለም» አለ። ከዚያ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ተነስቶ ከላይኛው ወለል ጀምሮ መዞር ጀመረ። ጀርባውን እያየሁ ትንሽ ቆምኩ። ቻው አልተባባልንም።

እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ይህንንም ልጻፈው። «አላስረክብህም» ባለኝ ቅጽበት፣ ከማፈሬ በፊት፣ ከማዘኔ በፊት፣ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ሲፈታ ተሰምቶኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። የለመንኩት ሁሉ፣ «እዚህ ልሙት» ያልኩት ሁሉ፣ ከዚያ ደስታ በኋላ የመጣ ነው። መሰላሉ ስልሳ አራት ደረጃ አለው፤ ስወጣ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ። ስወርድ አንዴም አላረፍኩም።

የጀልባው ሰው ወረቀቱን አየ። ከካሊስታ አንድ ሰው ይወርዳል ይላል ወረቀቱ፤ ስም የለበትም። በጣቱ ቆጠረኝ፣ ምልክት አደረገና ሞተሩን አስነሳ።